ለጉልበት አንድ ስንዝር

ቦሌ አራብሳ
እሑድ፣ ሰኔ 8 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለምወድሽና ለምነዘንዝሽ የልጅ ልጄ ለሉዋም
ጓንዡ

ልጄ፣ ጓለይ፣

ደብዳቤ ሲጀመር ጤና መጠየቅ ወግ ነው። እኔ ዛሬ ይህን ወግ ዘልዬዋለሁ። ምክንያቱም አያትሽ አለም ባለፈው ሐሙስ ቀኝ እጄን ጨብጣ፣ በቦሌ ሚካኤል ስም፣ «ስለ እኔ ሕመም ለሉዋም አንዲት ቃል እንዳትጽፍ፤ ነይ እንዳትላትም» ብላ አስምላኛለች። ማልኩ። ሚካኤልን ጠርቶ የማለ ሰው ደግሞ ቃሉን አያጥፍም። ስለዚህ ስለ ሕመም አልጽፍም። ይህ ደብዳቤ ከራሱ እስከ ጅራቱ ስለ መኪና የኋላ ወንበር ነው። ስለ ኋላ ወንበር እንዳልጽፍ ማንም አላስማለኝም።

ለምን አትደውልም እንዳትዪኝ። ይህ ኮንዶሚኒየም እንደምታውቂው አንዱ መኝታ ቤት ሲያስነጥስ ሳሎን ያለው «ይማርህ» የሚልበት ቤት ነው። የአያትሽ ሌላው ነገሯ ሁሉ ቢያረጅ ጆሮዋ ገና ኮረዳ ነው። ስለዚህ በወረቀት እጽፋለሁ፤ የጎረቤታችን የማሚቱ ልጅ ሊና ገጽ በገጽ ፎቶ እያነሳች ትልክልሻለች።

ስለ ኋላ ወንበርስ ካንቺ ሌላ ለማን እጽፋለሁ? የዛሬ ዓመት ሥራ ስትይዢ በስልክ የነገርሽኝን አልረሳውም። «አቦይ፣ ሰው የሚያህል አሻንጉሊት መኪና ውስጥ ከኋላ እናስቀምጣለን። ከዚያ ጉልበቱ ከፊተኛው ወንበር ምን ያህል እንደሚርቅ፣ ጭንቅላቱ ጣሪያ ይነካ እንደሆነ እንለካለን» አልሽኝ።

«አሻንጉሊቱ ሽንቱ ይመጣል?» አልኩሽ።

«ኧረ አቦይ!»

«ጎሮ ላይ መንገድ ሲዘጋ ሾፌሩን ይሳደባል?»

«አይሳደብም።»

«እንግዲያው እሱ ተሳፋሪ አይደለም፤ ጆንያ ነው።»

ያን ቀን ሳቅሽ አላባራ ብሎ ስልኩ ተቋረጠ። እውነቱን ልንገርሽ፣ ኮራሁ። ቦሌ ሚካኤል በአንዲት የቆርቆሮ ሱቅ አርባ ዓመት የመኪና ወንበር የሰፋ ሰው፣ ያሳደጋት የልጅ ልጁ ቻይና ድረስ ሄዳ ያንኑ ሥራ በነጭ ጋዋን ስትሠራው ከዚህ በላይ ምን ይፈልጋል? የአውሮፕላን ቲኬት ቆርጠሽ የእኔኑ የአቦይሽን ሙያ ተማርሽ እንጂ።

አሁን ወደ ጉዳዩ ልግባ።

ማክሰኞ፣ ሐሙስና ቅዳሜ እኔና አያትሽ ከአራብሳ ወደ ቦሌ የምንሄድበት ቤት አለ። ከጥር ወር ጀምሮ ነው። የማን ቤት እንደሆነ አልነግርሽም፤ ምያለሁ። ደም በቱቦ ወጥቶ፣ በማሽን ታጥቦ፣ አራት ሰዓት ፈጅቶ ወደ ባለቤቱ የሚመለስበት ቤት ነው ብልሽ ግን ስለ ቤቱ አወራሁ እንጂ ስለ ሰው አላወራሁም። በቪዲዮ ስትደውዪ አያትሽ ነጠላዋን እስከ አገጯ የምትጠቀልለውም ፋሽን ሆኖ ነው እንበል።

የሚያመላልሰን አጎትሽ ሊባኖስ ነው፤ በዚያች ፎቶዋን በላከልሽ የኤሌክትሪክ መኪናው። ካለሽበት አገር የመጣች ናትና ማን ያውቃል፣ አንቺው ለክተሻት ይሆናል። ከሆነ እናወራለን! ደግሞ እሷን ስንገዛ በተሠራው ስሕተት የእኔም እጅ አለበት። ሊባኖስ ሊገዛት የሄደ ዕለት አብሬው ነበርኩ። ወጋችንን ታውቂዋለሽ፤ ሽማግሌ ካለ ጋቢናው የሱ ነው። ሻጩ የፊቱን በር ከፍቶ «አባባ፣ ይግቡ» አለኝ። ገባሁ። እግሬን ዘረጋሁ። እንደ ደጃዝማች ተንፈላሰስኩና «ሰፊ ናት፣ ግዛት!» አልኩ። ሊባኖስ መሪው ጋ ተቀመጠ። ከኋላ ማን ተቀመጠ? ማንም። ዕድሜ ልኩን የኋላ ወንበር የሠራ ሰው የኋላውን በር እንኳ አልከፈተም! አክብረው አሳሳቱኝ፤ እኔም መከበር ጣመኝ።

አያትሽ ጋቢና እንዴት እንደምትወድ አንቺም ታስታውሻለሽ። በወጣትነታችን ታክሲ ሲመጣ በክርኗ ገፍታኝ ነበር የምትገባው። «ከኋላ የሚቀመጥ ዕቃ ነው» ትል ነበር። አሁን ጋቢና ብናስቀምጣት ቀበቶው በቀኝ ትከሻዋ ወርዶ በትክክል ነጠላው የሚሸፍነው ቦታ ላይ ያርፋል። እዚያ ምን እንዳለ አልጽፍም፤ ቱቦ የሚባል ነገር ግን በጠቅላላው ቀበቶ አይወድም። ያለ ቀበቶ እንዳትሆን ትራፊክ አለ። ከኋላ ሆኜ ቀበቶውን በእጄ ራቅ አድርጌ ልያዝ ብል ጎሮ ሳንደርስ ክንዴ ዝሎ ወደቀ። ስንመለስ ደግሞ አንገቷን ቀና አድርጋ መቀመጥ አይሆንላትም። ስለዚህ ከኋላ።

ከኋላ ደግሞ ወለሉ ሥር ባትሪው ተኝቷል። ወለሉ ከፍ ብሎ፣ መቀመጫው ዝቅ ብሎ፣ ጉልበት ከአገጭ ጋር ይሳሳማል። ለእኔ ግድ የለም፤ እንደ አንበጣ እታጠፋለሁ። እሷ ግን ባለፈው ዓመት ደረጃ ላይ የወደቀችበት ቀኝ ጉልበቷ፣ ይህን ስለምታውቂ አዲስ ነገር አልጻፍኩም፣ ጨርሶ አይታጠፍም። የጋቢናውን ወንበር እስከ ጥጉ ወደ ፊት ገፋነው። ሁለት ጣት ጎደለ። ሁለት ጣት፣ ሉዋም!

አሁን የምንሄደው እንዲህ ነው። እሷ ጀርባዋን ለቀኙ በር ሰጥታ በጎን ትቀመጣለች፤ እኔ በግራ በኩል ሆኜ እግሮቿን ጭኔ ላይ እይዛለሁ። የበሩ እጀታ ጎኗን ወጋት፤ ትራስ አደረግን። ትራሱ ሲጨመር እግሯ በእኔ በኩል ያለውን በር ነካ። ትራሱን አወጣን፤ እጀታው ወጋት። ከአራብሳ እስከዚያ ቤት ሃያ ሦስት ጉብታ አለ። የቆጠረችው እሷ ናት። እኔ የቆጠርኩት ጥርሷን የነከሰችበትን ነው፤ እሱም ሃያ ሦስት ሆነ።

ባለፈው ሐሙስ ስንመለስ ጎሮ ላይ መንገዱ ተቆፍሮ ከአንድ ሰዓት በላይ ቆምን። ፀሐይ በመስታወቱ ገብታ ፊቷ ላይ ተቀምጣለች፤ በነጠላዋ ጫፍ እከልልላታለሁ።

«መርሃዊ» አለችኝ።

«አቤት።»

«እግርህ ደንዝዟል አይደል?»

«ኧረ እየጨፈረ ነው።»

«ውሸታም። ከመኪና ስትወርድ ስታነክስ አያለሁ እኮ።»

ከዚያ፣ ጎመን ግዛ እንደምትለኝ ባለ ድምፅ፣ «የሰኔ ሚካኤልን ላድርስ። ከዚያ በኋላ መኪና ውስጥ አልገባም» አለች። ሊባኖስ በመስታወቱ አየኝ፤ አንድ ነገር እንድናገር ነው። እኔ ግን ወደ ውጭ አየሁ። ከቆፋሪዎቹ አንዱ አካፋውን ተደግፎ ዳቦ ይበላል። እሱን ሳይ ቆየሁ።

ያን ዕለት ቤት እንደገባን ነው ያስማለችኝ።

የሰኔ ሚካኤል የፊታችን ሐሙስ ነው። የቀረን ማክሰኞና ሐሙስ፣ ሁለት ጉዞ ብቻ ነው። እዚያ ቤት ፍሬ የምትባል ነርስ አለች፤ ልጅ እግር ናት፣ ግን አትዋሽም። ለብቻዋ ጠርቼ «እንዲያው ለወሬ ያህል፣ ሰው ቢያቋርጥስ?» አልኳት። ስንት ቀን እንደሚሆን ነገረችኝ። ቁጥሩን አልጽፍም። የጣቶቼን ቁጥር ብዙ አያልፍም ብልሽ ግን ስለ ጣቶቼ ነው ያወራሁት።

ዓርብ ጠዋት አያትሽ ስታሸልብ፣ ሊባኖስም መኪናዋን ደጅ አቁሞ ሱቅ ሲሄድ፣ የድሮ ብሎን መፍቻዬን ከአልጋ ሥር አወጣሁ። ጋቢናውን ነቅዬ ላወጣው ነው! ወንበር ከሌለ የምን ሁለት ጣት? የምን ትራስ? እግሯን እስከ ፊት መስታወት ድረስ ትዘረጋለች። በደረቴ ወለሉ ላይ ተኛሁና የመጀመሪያውን ብሎን ያዝኩ። ሊባኖስ ሲመጣ ከመኪናው የወጣ ሁለት እግር ብቻ ነው ያየው።

«አቦይ! ምን እየሠሩ ነው?»

«ወንበር እያወጣሁ።»

«ኧረ በማርያም ይተዉ! ሥሩ እኮ የኤሌክትሪክ ገመድ አለ። እሱ ከተነካ መኪናዋ ትጮኻለች፤ ኮምፒዩተር ያለው ጋራዥ ካልሄድን አይሆንም። እዚያ ደግሞ ጠይቄያለሁ፤ ‹ወንበር አውጥተን መኪና አንለቅም፣ ኃላፊነት አለብን› ብለውኛል።»

«ብሎን ለመፍታት ፈቃድ የሚጠየቅበት ዘመን!» ብዬ ጮኽኩ። ሰፈሩ እስኪሰማ አጉረመረምኩ። ግን ላንቺ ልንገርሽ፤ ገመድም ባይኖር ኖሮ ብሎኑ አልዞረልኝም ነበር። ሊባኖስ እስኪመጣ ግማሽ ሰዓት ታግዬው የፀጉር ያህል አላነቃነቅኩትም። ልጄ ክንዴን ይዞ አነሳኝና አቧራዬን አራገፈልኝ፤ ልክ እኔ በልጅነቱ እንደማደርገው። ሁለታችንም አልሳቅንም።

ዓርብ ማታ ግን ዘዴ መጣልኝ። አብዱልገኒን ታስታውሺዋለሽ? ሱቄ በመጣ ቁጥር ከረሜላ የሚሰጥሽ ባለ ሚኒባስ። ሚኒባስ በሩ ትልቅ ነው፣ ጣሪያው ከፍ ያለ ነው፣ ወለሉ ሥር ባትሪ የለም። ደወልኩለት።

«ለእማማ አለም? ወላሂ ሥራዬን ትቼ እመጣለሁ ጋሼ!»

ቅዳሜ ከንጋቱ አስራ ሁለት ሰዓት ላይ በራችን ላይ ነበር፤ ውስጡን አጥቦ፣ ሽቶ ነስንሶ። አያትሽ ሽቶውን አሽትታ «አብዱልገኒ፣ ሙሽራ ልትወስድ ነው እንዴ?» አለችው። ደግፈን አስገባናት፤ ሁለተኛው ረድፍ ላይ ተቀመጠች። ጉልበቷ የፊተኛውን ወንበር ጀርባ ነካ። ከዚያ እጇን በወንበሩ ጠርዝ፣ በስፌቱ ላይ ቀስ አድርጋ አሳለፈች። እኔ ስፌት ስጨርስ ሦስት ጊዜ ደርቤ ነው፤ ሌላ እንደዚያ የሚሰፋ የለም።

«መርሃዊ፣ ይኼ ያንተ እጅ ነው» አለች።

ጎንበስ ብዬ አየሁ። የእኔ እጅ ነበር።

ጓለይ፣ ይህን ለማንም ነግሬ አላውቅም። በዚያ ዘመን ሚኒባሶቹ ዕቃ መጫኛ ሆነው ውስጣቸው ባዶ ይመጣል፤ ወንበር የምንሠራላቸው እኛ ነን። የባለቤቶቹ ሁሉ ልመና «አንድ ረድፍ ጨምርልኝ» ነው። ረድፍ ከየት ይጨመራል? ከተሳፋሪ ጉልበት ነዋ። የመጀመሪያውን ስሠራ ልኬት የሚባል አልነበረኝም። አያትሽ ምሳ ይዛልኝ ሱቅ መጣች፤ አዲስ ሙሽራ ናት፣ እንደ ሸምበቆ የቀጠነች። «ነይ እስቲ ተቀመጪ» አልኳትና የፊተኛውን ወንበር ወደ ጉልበቷ አስጠጋሁ፤ ደግሞ አስጠጋሁ፤ ደግሞ አስጠጋሁ። «ኧረ አንተ ሰውዬ! አንድ ስንዝር እንኳ ተውልኝ!» ብላ ጮኸች። ስንዝሬን ዘርግቼ ለካሁ። አንድ ስንዝር ተውኩላት።

ከዚያ ቀን በኋላ ሱቄ ለገባ ሚኒባስ ሁሉ ልኩ እሱ ሆነ። መገናኛ ላይ ተሳፋሪው «ኧረ ጉልበቴ!» ሲል፣ ረዳቱ «ጠጋ ጠጋ በሉ!» ሲል፣ ስንቱ ሰው በአያትሽ ጉልበት ልክ ተቀምጦ ወደ ሥራው ሄዷል። አንቺ አሻንጉሊት አለሽ። እኔ አለም ነበረችኝ።

«ረድፉ ይነቀል!» አልኩ። አብዱልገኒ ወለሉን አየና ራሱን ነቀነቀ፤ «ጋሼ፣ እንዴት ይነቀላል? እንዳይነቃነቅ ብለህ ከወለሉ ጋር ያስበየድከው አንተው ነህ።» እውነቱን ነው። ቀጥሎ ግን «ይቆረጣል! እንጀራዬ ነው ብዬ ለእማማ አልሳሳም» ብሎ ተነሳ። ያን ጊዜ አያትሽ እጇን አነሳች።

«ተው ልጄ። ሰው የሚሳፈርበትን ለእኔ ብለህ አትቁረጥ።» ወደ እኔ ዞረች። «ወንበሩ አልጠበበም መርሃዊ። ልኩ ያው የእኔ ልክ ነው። እኔ ነኝ...»

የቀረውን ለመጻፍ መሐላው አይፈቅድልኝም።

ቀጠሮ ነውና ሄድን። እግሯን ወደ መተላለፊያው አወጣች፤ እኔ ወለሉ ላይ ተቀምጬ ተረከዟን በሁለት እጄ ያዝኩ። ጉብታ ሲመጣ ከፍ አደርጋለሁ፣ ሲያልፍ ዝቅ አደርጋለሁ። ሃያ ሦስት ጊዜ። ከላይ ሆና መላጣዬን በጣቷ እየዳሰሰች «ይኼ ደግሞ ጉብታ ሃያ አራት» አለችኝ። አብዱልገኒ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ስንመለስ ግን አልቀለደችም። ዓይኗን ጨፍና መጣች፤ ቤት እስክንደርስ አልገለጠችውም።

አንዳንዴ አንድ ነገር ያስፈራኛል። ነገ ጠዋት እንደ አዳራሽ የሰፋ መኪና ባመጣላትስ? ውስጡ አልጋ የሚዘረጋበት ቢሆንስ? ትገባ ይሆን? እዚህ ላይ ስደርስ ሐሳቤን እመልሰዋለሁ። ስለ ወንበር ማሰብ ይቀላል። ወንበር መፍትሔ አለው፤ ቢያንስ አርባ ዓመት እንደዚያ ብዬ አምኜ ነው ያደርኩት።

ስለዚህ ባለሙያዋ፣ ጥያቄዬ ይኸውልሽ። ወለሉ ከፍ ያለ መኪና አለ። አንድ እግሯ የማይታጠፍ፣ ቁመተ መለሎ፣ ነገረኛ ሴት አለች። እሷን የሚይዝ የኋላ ወንበር እንዴት ይሠራል? መልሱን በስልክ እንዳትነግሪኝ፤ ትሰማለች። በጽሑፍም እንዳትልኪው፤ የእናንተን ቁጥርና ሥዕል እኔ አላነበውም። ደግሞም ልኬት በሩቅ አይወሰድም። ስድስት ዓመትሽ ሳለ ሱቅ ውስጥ የሜትሩን ጫፍ ይዘሽልኝ «አቦይ፣ ከዚህ ሆኜ ልለካ?» ስትዪኝ ምን አልኩሽ? «ሰው የሚለካው ቀርቦ ነው» አላልኩሽም? እንግዲህ እኔ ሙያ ነው ያስታወስኩሽ። ነይ አላልኩም። ምያለሁ።

አያትሽ ጠዋት ጠዋት አውሮፕላን በላያችን ሲያልፍ ቀና ትልና «ይኼ ከጓንዡ ነው» ትላለች። ትናንት «በምን አወቅሽ?» ስላት «ድምፁ ቻይንኛ ነው» አለችኝ። ይህን የጻፍኩት ስለ አውሮፕላን ነው።

በይ እንግዲህ የሽማግሌ ምርቃት ተቀበዪ። ከፊትሽ የሚቀመጥ ሁሉ ወንበሩን አይግፋብሽ። ለጉልበትሽ ስንዝር አትጪ፤ ለልብሽ ሜዳ ይስጥሽ። መንገድሽ ጉብታ አይብዛበት፤ ቢኖርም ተረከዝሽን የሚይዝልሽ አይጥፋ። ሚካኤል ክንፉን ይዘርጋልሽ፤ እሱ እንደኛ ቦታ አይጠበውም። ሊና፣ አንቺም ይህን ገጽ ስታነሺ እንዳታለቅሺ፤ ፎቶው ይንቀጠቀጣል።

አንድ ነገር ቀረኝ። ልጅ ሳለሽ ከኋላ በእኔና በአያትሽ መሃል ነበር የምትቀመጪው፤ ክርንሽን ግራና ቀኝ እያስገባሽ ስትገፊን ትዝ ይለኛል። ያ ቦታ አሁን በእግሯ ተይዟል። ሐሙስ ጠዋት፣ እንዲያው ለልኬቱ ያህል፣ አብሮን የሚሄድ ሰው ቢኖር የሚቀመጥበት የለም። እኔም ከዚህ በላይ አልታጠፍም። ግን ሉዋም፣ ጠጋ እንልልሻለን።

አቦይ መርሃዊ
ለጊዜው የአለም ወንበር